ከጭቃ ሹም እስከ ዝሆኔ

የዘንድሮው የመገናኘት በዓል መጽሐፍ አዘጋጆች «ከሙያሽ ጋር የተያያዘ፣ ግን ሌላው ፋኩልቲም የሚያነበው ታሪክ ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ጭቃ እጽፋለሁ አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ። ሐኪም ስለ ልብ ይጽፋል፣ ስለ ስኳር በሽታ ይጽፋል፤ ከጭቃ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ረዘም ያለ ስለሆነ እዚሁ አስቀምጬዋለሁ። በማኅበራችን ውስጥ የእርሻውም፣ የምሕንድስናውም፣ የሕጉም፣ የቋንቋውም ምሩቅ አለ። እየሄድኩ በየሰዉ ማሳ መግባቴ አይቀርምና ባለ ማሳዎቹ ከወዲሁ ይቅር በሉኝ።

ከቃሉ ልጀምር። አማርኛ መሬትን፣ አፈርንና ጭቃን በአንድ ዓይን አያይም። መሬት ሀብት ነው፤ ይወረሳል፣ ዕድሜ ልክ ይካሰሱበታል። አፈር መጨረሻችን ነው፤ እናት ልጇን ስትለምን «አፈር ስሆን» ትላለች፣ ለሞተ ሰው «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ይባላል። ቤተ ክርስቲያንም የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንደተፈጠረ ታስተምራለች። ከአራቱ መካከል መሬትና ውሃ ብቻ ተገናኝተው ሲቀሩ ግን ክብራቸው ይጠፋና ጭቃ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ስማቸው የሚነሳው ለነቀፋ ነው። ፊት ለፊት የማይታይ ክፉ ሰው «የጭቃ ውስጥ እሾህ» ነው። ስም ሳይጠራ ሰውን የሚያቆስል ንግግር «የጭቃ ጅራፍ» ነው። ማምለጫ የሌለው ጣጣ ውስጥ የወደቀ ሰው «ማጥ ውስጥ ገባ» ይባላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ነቀፋው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ጭቃ ይሸፍናል፣ ከሥሩ ያለው አይታይም። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በሽታው ስንደርስ እመለስበታለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ጭቃ እንደ ሊጥ «ይቦካል»። ለእንጀራውም ለግድግዳውም አንድ ግሥ ነው የምንጠቀመው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ አፈሩ በውሃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፣ ደቦ የመጡት ጎረቤቶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በባዶ እግር ይረግጡታል። ከዚያ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። ሽታው ሲለወጥ ደረሰ ይባላል። ጭዱ ሲበሰብስ የሚወጣው ነገር አፈሩን ያያይዘዋል፤ ያልበሰበሰው የጭድ ክር ደግሞ ምርጊቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጠፍሮ ይይዘዋል። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ነው። መሐንዲሶቻችን ይህን «የተጠናከረ ውህድ» ይሉታል፤ አያቶቻችን ጭቃ አቦኩ ነው የሚሉት።

ይህ አሠራር የድሃ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። የአክሱም ዘመን ሕንፃዎች ድንጋያቸው በኖራ ሳይሆን በጭቃ የተያያዘ ነው። ግድግዳው እንዳይፈርስ በየመካከሉ እንጨት ይጋደምበታል፣ የእንጨቶቹም ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው እሱ ነው። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያየ ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ሐውልቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ የተቀረጸበት ግን በር፣ መስኮትና የዝንጀሮ ራስ ያለው ፎቅ ቤት ነው። የሚኮራበት ድንጋይ በእንጨትና በጭቃ የቆመን ቤት አስመስሎ ነው የተቀረጸው ማለት ነው። ኖራ በጎንደር ቤተ መንግሥቶች ሥራ ላይ ዋለ፣ ሲሚንቶም በኋላ መጣ፤ ያም ሆኖ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወደ ቀበሌ የዞሩት አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ብዙዎቻችን ያጠናነው፣ ለፈተና የተዘጋጀነው እዚያ ውስጥ ነው።

ስለ ግድግዳ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በእርግዝና ክትትል ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝናብ ጠብ ሲል ከግድግዳው የሚነሳው ሽታ የሚያስጎመጃት፣ ከምርጊቱ ቆርሳ የምትበላ ነፍሰ ጡር አለች። ባሏ ይስቃል፣ አማቷ «አምሮት ነው» ትላለች። እሷ ግን አፍራ ትደብቀዋለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ መጀመሪያ የማየው የዓይኗን ሽፋን ነው፣ ቀጥዬ ሄሞግሎቢኗን አስለካለሁ። አፈር የመብላት አምሮትና የብረት ማዕድን እጥረት ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ የሸክላ አፈር ደግሞ አንጀት ውስጥ ብረቱን ይዞ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ነገሩን ያብሰዋል። ስለዚህ ወጣት ሐኪሞቼን «አፈር ትበያለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ግን ፈገግ ሳትሉ ጠይቁ እላለሁ።

አሁን ከቤት ወደ ማሳ እንውጣ። ደጋው ላይ ያደገ ሰው ሁለት ጭቃ ያውቃል፤ የቀዩንና የጥቁሩን። ጥቁሩ ዋልካ ነው፣ አንዳንድ ቦታ መረሬ ይሉታል። የአፈር ሳይንስ ቨርቲሶል ይለዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል፣ ከዚያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው ደጋው ላይ ነው። ጠባዩ ከውስጡ ካለው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን የመጣ ነው። ስሜክታይት ገጽ በገጽ እንደተደረደረ ወረቀት ነው፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ይገባና ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለዚህ ነው ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ በክረምት ደግሞ በሬውንም ሞፈሩንም ይዞ አልለቅም የሚለው።

ገበሬው ከዚህ ጠባይ ጋር ሲደራደር ኖሯል። በብዙ የዋልካ አገር ዋናው ዝናብ እስኪያልፍ ተጠብቆ ክረምቱ ሲወጣ ነው ሽምብራና ጓያ የሚዘራው፤ ዋልካው በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋሉ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ደግሞ ውሃው እንዲወርድ ሰፊ መደብና ቦይ በእጅ ይሠራሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም ጭቃው ውስጥ ገብቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ባለው ብርዳም ደጋ «ጓይ» የሚባል ልማድ ነበር፤ አፈሩን ከምረው በእበት ያቃጥሉታል፣ ከዚያ ገብስ ይዘሩበታል። የእርሻ ሳይንስ ሰዎች አፈሩን ይጎዳል ብለው ይተቹታል፣ ትችታቸውም ልክ ነው፤ ግን ከዋልካ ጋር እልህ የተጋባ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የእነዋሪውን የእጅ ሥራ አይተው በሬ የሚጎትተው የመደብ መሥሪያ ሠርተዋል። በእኔ አስተያየት ሳይንስ ከገበሬው ተምሮ ለገበሬው ከመለሳቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። እኔ ግን እንደ ሐኪም የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው፤ በዓመት ስንት ወር፣ በቀን ስንት ሰዓት ባዶ እግር ጭቃ ውስጥ እንደቆየ።

ጭቃውን ደግሞ የሚያዝዝ ሹም ነበረው። ጭቃ ሹም በዘውዱ ዘመን ከሹማምንቱ ሁሉ የታችኛው፣ ለገበሬው ግን ከሁሉ የቀረበው ባለሥልጣን ነው። ግብር የሚሰበስብ፣ ለሁዳድ እርሻ፣ ለአጥር፣ ለሸክም ሰው የሚጠራ፣ የድንበር ክርክር ሲነሳ የሚመሰክር እሱ ነው። ከምኒልክ ዘመን መስፋፋት በኋላ ሹመቱ ወደ ደቡብም ወረደ። የስሙን አመጣጥ የቋንቋ ሰዎች ይተንትኑት፤ እኔ የሚታየኝ ንጉሡ በዙፋን፣ ራሱ በድንኳን፣ ይህኛው ደግሞ ጭቃው ላይ ቆሞ የሚያዝዝ መሆኑ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆንና በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ክልል የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ሲታወጅ የጭቃ ሹምም ሥራ አበቃ። ሹሙ ሄደ፤ ጭቃው ግን ከገበሬው እግር አልለቀቀም።

እንግዲህ ስለዚያ እግር ነው መጻፍ የፈለግኩት።

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባንድ ወረዳ ስሠራ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ሳል የያዘውን ልጇን ይዛ መጣች። ልጁን አይቼ ስጨርስ እግሮቿን ወንበሩ ሥር አጥፋ ቀሚሷን እንደጣለችባቸው አየሁ። «እህቴ፣ እግርሽን ላየው?» አልኳት። «ምን ያደርግልዎታል ዶክተር፣ የእኔ እኮ የዘር ነው» አለችኝ። ከብዙ ልመና በኋላ አሳየችኝ። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠዋል፣ የቀኙ ይብሳል፤ ጣቶቿ ላይ እንደ ድንጋይ ሽበት ሻካራ እብጠት ወጥቷል፣ በጣቶቿ መካከል ቆስሏል። ከቦርሳዋ ያወጣችው የቆየ ካርድ ላይ ከዓመታት በፊት አንድ ጤና ተቋም «ፋይላሪያ» ብሎ የጻፈላት አለ፤ የትል መድኃኒት ደጋግማ ውጣለች፣ ለውጥ የለም። ያመማት ግን እግሩ አልነበረም። ታናሽ እህቷ ታጭታ ሳለ የወንዱ ቤተሰብ የእሷን እግር አይቶ «ዘራቸው ላይ አለ» ብሎ ጋብቻውን አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አይነጋገሩም።

በሽታው ዝሆኔ ነው። እኛ በትምህርት ላይ ሳለን የምናነባቸው መጻሕፍት ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ እግር እንደ ዝሆን ሲያብጥ ምክንያቱ ፋይላሪያ የሚባል ትል ነው፣ አስተላላፊውም ትንኝ ነው ይሉናል። ይህ ለቆላው፣ ለምሳሌ ለጋምቤላ፣ እውነት ነው። ምሥራቅ ጎጃም ግን ደጋ ነው፤ ትሉ ትንኟ ውስጥ የሚያድግበት ሙቀት የለም። ለመሆኑ ትል የሌለበት ዝሆኔ ከየት ይመጣል?

ይህን ጥያቄ ቀድመው የጠየቁ አሉ። ኦመን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ዘዴው ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ከ50 በሚበልጡ ገበያዎች ተዘዋውሮ የገበያተኛውን እግር ቆጠረ። የእኛ ገበሬ ሆስፒታል አይመጣም፣ ገበያ ግን ይመጣል። ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው ያበጠ እግር ነበረው። ላቦራቶሪ የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ፤ ዓይንና መቁጠሪያ ብቻ።

ቀጥሎ የመጣው ኧርነስት ፕራይስ ነው። ብሪታኒያዊ ቀዶ ሐኪም ሲሆን በሥጋ ደዌ በሽተኞች እግር ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። እግርን ማየት ሙያው ስለነበረ የሌሎቹ ዓይን ያለፈውን አየ። እነዚህ ሰዎች የሥጋ ደዌ የላቸውም፤ እግራቸው ሲነካ ይሰማቸዋል። ፋይላሪያም አይደለም፤ እብጠቱ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከጉልበት አያልፍም፣ ብሽሽትና የዘር ፍሬ አካባቢን እንደ ፋይላሪያ አያጠቃም። ከዚያ ካርታ ያዘ። በሽታው ያለባቸውን ቦታዎች ከከፍታው፣ ከዝናቡና ከአፈሩ ጋር ሲያስተያይ ነገሩ ተገጣጠመ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ያለበት አገር። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በተደረገ ምርመራ ደግሞ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች የብሽሽት ዕጢ ውስጥ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ተገኙ።

ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክኛ የእግርና የአቧራ ቃላት ተገጣጥመው ነው። ማዕድን ቆፋሪን ሳንባው ላይ የሚይዘው አቧራ ኒሞኮኒዮሲስ እንደሚባል የሕክምና ሰዎች ታውቃላችሁ። ፕራይስ ያለው፣ የእኛ ገበሬ ያንኑ የሙያ በሽታ በእግሩ በኩል ያገኛል ነው። በተሰነጠቀው ተረከዝ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧውን የሚያቆጣውና የሚዘጋው ያ ቅንጣት ነው። የጭቃ ውስጥ እሾህ ማለት እንዲህ ነው፤ እሾሁ ግን ከቅንጣት አይበልጥም።

ቀይ አፈር ብቻ ነው ወይ ለሚል፣ በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ከበሽታው ጋር አብረው ከተገኙት ማዕድናት መካከል ስሜክታይትን፣ ማይካንና ኳርትዝን ጠቅሷል። ስሜክታይት፣ ያ ዋልካን የሚያሳብጠው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ የአፈር ሳይንሱና የሕክምናው ፋኩልቲ ባንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሴትየዋ ንግግር ልመለስ። «የዘር ነው» ያለችው ባዶ አጉል እምነት ነው ብንል እንሳሳታለን። ፕራይስ ራሱ በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የወጣ ጥናት የአንድ በሽተኛ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ በፋሲል ተኮላ አየለ የተመራው ሥራ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓትን ከሚመሩት ኤችኤልኤ ክላስ ሁለት ከሚባሉት ጂኖች ጋር ግንኙነት አገኙ። አንዳንዱ ሰው ከአፈሩ ጋር ሲገናኝ ሰውነቱ ይቆጣል፣ ሌላው ያንኑ ማሳ ዕድሜ ልኩን አርሶ ምንም አይሆንም ማለት ነው።

ይህ ግኝት ለሳይንሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ለታጨችው ልጅ ግን አደገኛ ነው፣ በግማሽ ከተሰማ። «አያችሁ፣ ዶክተሮቹም የዘር ነው አሉ» ይባላል። እኔ በተመላላሽ ክፍል የምለው «እሺ፣ ዘር ይሁን፤ ግን ዘር ያለ አፈር ይበቅላል ወይ?» ነው። ገበሬ ይህን ለማስረዳት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አያስፈልገውም። ጂኑ ኖሮበት እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ውስጥ የኖረ ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም። በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ፣ እንዲሁም በሰሜን አፍሪካ በሽታው አንድ ጊዜ ነበረ፤ አሁን የለም። የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ጂኑ አልተለወጠም፤ ጫማ ተጫማ እንጂ።

ሌላው በሰፊው የሚታመነው ተላላፊ ነው የሚለው ነው። አይተላለፍም። ግን ይህን የሚያምነው ገበሬው ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ወላይታ ውስጥ በጤና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ ጥናት ግማሽ ያህሉ ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኛው ነን። በሽተኛው ወንበሩን ጠርጎ ሲነሳ ያየንና ዝም ያልነው እኛው ነን ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን እያንዳንዳችሁ የሠራችሁበትን ክፍል አስታውሱ።

ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተካሄደ የካርታ ሥራ በሽታው 345 ወረዳዎች ውስጥ ተገኝቷል፤ የተያዙት አዋቂዎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2011 ነው፤ ፕራይስ መጽሐፉን ካሳተመ ከ21 ዓመት በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ ዞን የወጣ የኢኮኖሚ ጥናት ደግሞ በሽተኛው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር አስልቷል። በሽታው ባዶ እግር ያለውን ድሃ ይይዛል፣ ከያዘውም በኋላ ጫማ መግዣውን ይነጥቀዋል።

ሕክምናው አስቂኝ እስኪመስል ቀላል ነው። በየቀኑ እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ በጥቂት በረኪና በቀጠነ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ጣት በጣት መካከል ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰሪያ ማሰር፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ሙከራ ይህን አንድ ዓመት ተከታትሎ ለካ። በሽተኞቹን በጣም የሚያሠቃያቸው እግሩ ድንገት የሚቆጣበት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚልበት ጊዜ ነው፤ ለቀናት አልጋ ላይ ይጥላል። ይህ እንክብካቤውን ገና ባላገኙት ዘንድ በሰው በዓመት 24 ጊዜ ገደማ ሲሆን ባገኙት ዘንድ 19 ገደማ ሆነ። ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። አምስት ጊዜ ከአልጋ መዳን በመኸር ወቅት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬን ጠይቁት።

ያቺን ሴት እግሯን እንዴት እንደምታጥብ አሳይቻት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስትመጣ ቁስሉ ደርቋል፣ እብጠቱ ቀንሷል። ከእህቷ ጋር ስለመታረቋ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሳችውም። ከእሷ ጋር የመጣችው ግን የአሥር ዓመት ልጇ ነበረች፤ ሴትየዋ በምንጩ ያለውን ውሃ ማን እንደሚቀዳ ስትነግረኝ ይህች ልጅ ናት አለችኝ። በየቀኑ እግር የሚታጠብበት ውሃ የሆነ ሰው ጀርባ ላይ ነው የሚመጣው።

ስለ ጫማ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለ። እኛ የምናስታውሰው በረባሶ ከመኪና ጎማ የተቆረጠው፣ ከእሾህና ከድንጋይ ያድናል፤ ክፍት ስለሆነ ግን ጭቃውን አያስቀርም። ኮንጎ የምንለው የፕላስቲክ ጫማ ርካሽ ሆኖ በየገበያው ሲደርስ ለዚህ በሽታ ማንም ሐኪም ያላደረገውን ሳያደርግ አልቀረም ብዬ አስባለሁ። አንዴ ላበጠ እግር ግን ሱቅ ውስጥ የሚሆን ቁጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወላይታ የተጀመረው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት ይህን ገብቶት በሽተኞቹን ራሳቸውን ጫማ ሰፊነት አሠለጠነ፤ እግሩ ያበጠ ሰው የሌላውን ያበጠ እግር ይለካል፣ በልኩ ይሰፋለታል። የተሸሸገ እግር እንደገና በሰው ፊት የሚዘረጋው በመጀመሪያ እዚያ ነው፣ ለልኬት።

የቀረው ችግር ማሳው ነው። ገበሬው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ጫማውን ያደርጋል፣ ማረስ ሲጀምር ያወልቀዋል። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁት ስንፍና አይደለም፤ ዋልካ ጫማውን ይዞ ያስቀረዋል፣ እግሩ ብቻ ይወጣል። የጎማ ቦት አለ፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ የቆሰለ እግር ደግሞ ላብ ውስጥ መዋል የለበትም። የምሕንድስናና የቆዳ ቴክኖሎጂ ምሩቃን፣ በዚህ ገጽ ላይ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዋልካ የማያወልቀው፣ የሚተነፍስ፣ ገበሬ ከአንድ ማዳበሪያ ጤፍ ሽያጭ ባነሰ የሚገዛው ጫማ። የምትሠሩ ካላችሁ የዘንድሮው በዓል ላይ ፈልጉኝ፤ ልኬቱን እኔ አመጣለሁ።